“በሁሉም ብራውዘር አንድ ዓይነት ይታይ” ስለሚለው የውል ቃል፦ ድረ ገጽ ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ድረ ገጽ ለሚያሠሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች
ለግዥ፣ ለሕዝብ ግንኙነትና ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሥራ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የድረ ገጽ ሥራ ውል ላይ ስለ ብራውዘር የሚጻፈው አንቀጽ እንዲቀየር ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

ድረ ገጽ የምንሠራላችሁ ዲዛይነሮችና ፕሮግራመሮች ነን። ከአንዱ የጨረታ ሰነድ ወደ ሌላው እየተገለበጠ የሚዞር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ “ድረ ገጹ በሁሉም ብራውዘርና በሁሉም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መታየት አለበት።” ሲያነቡት ማንም የማይቃወመው ነገር ይመስላል። ጣጣው የሚመጣው በርክክብ ቀን ነው። አንዱ የኮሚቴ አባል በቢሮው ኮምፒውተር፣ ሌላው በግል ላፕቶፑ፣ ሦስተኛዋ በስልኳ ይከፍቱታል። ርዕሱ አንዱ ጋ ቀጠን፣ ሌላው ጋ ደለብ ብሏል፤ የላይኛው ምናሌ አንዱ ጋ በአንድ መስመር ሲገባ ሌላው ጋ ሁለት መስመር ሆኗል። ቃለ ጉባኤው ላይ “ውሉ አልተሟላም” ተብሎ ይጻፍና ክፍያ ይያዛል። በዚያው ሰዓት የአገልግሎት መጠየቂያው ቅጽ አሮጌ አይፎን ላይ ጭራሽ የማይላክ ቢሆን ግን ልብ የሚለው የለም፤ ውሉ መልኩን እንጂ ሥራውን አልጠየቀምና።

አንቀጹን የምንቃወመው ሥራ ለማቅለል አይደለም። የማይቻለውን ስለሚጠይቅ የሚቻለውን ሳያስጠይቅ ይቀራል። ለምን እንደማይቻል፣ በምትኩም ምን ቢጻፍ ልንጠየቅበት እንደሚገባ እናስረዳ።

ብራውዘር የተላከለትን ፎቶ አያሳይም። እኛ የምንልከው ጽሑፍና መመሪያ ነው፤ ጽሑፉ በኤችቲኤምኤል፣ መመሪያው በሲኤስኤስ። ገጹን የሚስለው አንባቢው መሣሪያ ውስጥ ያለው የብራውዘሩ ሞተር ነው። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ ሞተሮች ሦስት ናቸው። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራና የሳምሰንግ ብራውዘር በብሊንክ ይሠራሉ፤ ሳፋሪ በዌብኪት፤ ፋየርፎክስ በጌኮ። ስለዚህ “በክሮምም በኤጅም ፈትሸነዋል” የሚል ሪፖርት አንዱን ሞተር ሁለት ጊዜ ያየ ሪፖርት ነው፤ ኤጅ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የክሮምን ሞተር ነው የሚጠቀመው። አይፎን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ክሮም የሚል ስም ያለውን ብትከፍቱም ውስጡ ዌብኪት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደንቡን ቢያላላም አዲስ አበባ ያለውን ስልክ አይመለከትም።

ሞተሩ አንድ ቢሆን እንኳ ፊደሉን የሚያቀልመው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ያው ፎንት በያው መጠን ማክ ላይ ደመቅ፣ ዊንዶውስ ላይ ሳሳ ብሎ ይታያል። ዊንዶውስ ላይ የገጹ ስክሮልባር (ማሸብለያ አሞሌ) ከጎን 15 ወይም 17 ፒክስል ያህል ይወስዳል፤ ማክና ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከይዘቱ በላይ ስለሚንሳፈፍ ምንም አይወስድም። ልክ ልኩን የተሠራ ምናሌ በእነዚያ 17 ፒክስሎች ምክንያት ወደ ሁለተኛ መስመር ሊወርድ ይችላል፤ ስፋቱ ከነስክሮልባሩ በተሰላበት ገጽ ደግሞ ከታች ወደ ጎን የሚሄድ ሌላ ስክሮልባር ይፈጠራል። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ልዩነት ነው፣ ሁለተኛው የእኛ ጥፋት ነው። “አንድ ዓይነት ይታይ” የሚለው ቃል ሁለቱን አይለይም።

እዚህ ላይ ብራውዘር ሠሪዎችን ብቻ መውቀስ ጊዜው ያለፈበት መሆኑንም እንናገር። ድሮ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሲኤስኤስ ደንብ የሳጥን ስፋት ማለት የይዘቱ ስፋት ነው፣ የውስጥ ክፍተቱና ጠርዙ በላዩ ይደመራል ሲል የዊንዶውሱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ሁሉንም ጠቅልሎ ይቆጥር ነበር። ስፋቱ 300፣ በየጎኑ ክፍተቱ 20፣ ጠርዙ 5 ፒክስል የሆነ ሳጥን እንደ ደንቡ 350 ይሆናል፤ በኤክስፕሎረር 5 ግን 300። ሁለት ዓምድ ያለው ገጽ ሁሉ በዚህ ይፈርስ ነበር። ዛሬ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ኢንተሮፕ በሚባለው የጋራ ሥራ በየዓመቱ የሚለያዩባቸውን ነገሮች መርጠው በአንድ የጋራ መፈተሻ እያቀራረቡ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 ከድጋፍ ወጥቷል፤ ስሙ ያለበት የጨረታ ሰነድ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ወጥመድ ግን አለ። የገጹ የመጀመሪያ መስመር ዶክታይፕ የሚባለው ነው። ከእሱ በፊት ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ፒኤችፒ ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የመጣች አንዲት ማስጠንቀቂያ ካተመ ብራውዘሩ ገጹን የጥንት ገጽ ነው ብሎ ይወስድና በድሮው ደንብ ይስለዋል፦ በሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ጽሑፍ የፎንት መጠኑን ከገጹ መውረስ ያቆማል፣ ቁመቶች ይዛባሉ። የእናንተ የአይቲ ባለሙያ ኤፍ12 ተጭኖ ኮንሶሉ ላይ የዶኩመንቱን ኮምፓትሞድ ቢጠይቅ “ባክኮምፓት” የሚል መልስ ያገኛል። ይህን መልስ የሰጠ ገጽ አትረከቡ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በአማርኛ ገጽ ላይ ከሚነሱት የ“አይመሳሰልም” አቤቱታዎች አብዛኞቹ፣ እኛ እስከምናውቀው፣ ከብራውዘር ጋር ጉዳይ የላቸውም። ጉዳያቸው ከፎንት ጋር ነው።

ሲኤስኤሱ ኤሪያል ብቻ ብሎ ከተጻፈ ኤሪያል ግዕዝ ፊደል ስለሌለው ብራውዘሩ መሣሪያው ላይ ያገኘውን ያነሣል። ዊንዶውስ ቪስታና 7 ላይ የሚያገኘው ኒያላ የሚባለውን ፎንት ነው። ኤብሪማ ግዕዝ የተጨመረለት በዊንዶውስ 8 ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ከመደበኛው ጭነት ወጥቶ ሲፈለግ የሚጨመር ስለሆነ ኤብሪማ ይተካል። ማክና አይፎን ላይ ከፋ የሚባለው አለ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። አራቱ በስፋትም በቁመትም በውፍረትም አይገናኙም። “የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሥራ አስፈጻሚ” የሚል የምናሌ ቃል በአንዱ ፎንት ይገባል፣ በሌላው ይፈስሳል። ሁለት የቢሮ ኮምፒውተሮች ያው የክሮም ስሪት ቢኖራቸውም አንዱ ዊንዶውስ 7 ሌላው 10 ከሆነ ገጹ ይለያያል፤ ብራውዘሩ ግን ምንም አላደረገም።

ኒያላ ደግሞ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ርዕሱ ደማቅ ይሁን ተብሎ ሲታዘዝ ብራውዘሩ ያለውን ቀጭን ፊደል ወደ ጎን አሽሽቶ በማደራረብ ያወፍረዋል። ትልቅ ርዕስ ላይ ያልፋል። በ14 ፒክስል ግን የፀ እና የዐ ቀዳዳ ይደፈናል፣ የጠ እና የሐ እግሮች ይጠጋጋሉ፤ “ዓዋጅ” የሚለው ቃል የቀለም ጠብታ ይመስላል። አጋዳሚ ጽሑፍም እንደዚሁ ነው፤ ግዕዝ ፊደል በእነዚህ ፎንቶች አጋዳሚ ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ በግድ ያዘነብለዋል። ከእንግሊዝኛ ቴምፕሌት የመጣ ገጽ ላይ ጥቅስ ሁሉ የተንጋደደ ሆኖ የምታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ትልልቅ የላቲን ፊደላትን በመጠቀም ርዕስ ከንዑስ ርዕስ የሚለይ ቴምፕሌትም አማርኛ ሲገባበት ልዩነቱ ይጠፋል፤ ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውምና በመጠንና በውፍረት እንደ ገና መለየት አለበት።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ፎንቱን ከገጹ ጋር መላክ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ ፈቃድ የሚገኙ ናቸው፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ሳንቲም አያስወጡም። ዎፍ2 በሚባለው የተጨመቀ ቅርጽ፣ መደበኛውና ደማቁ፣ ማለትም 400 እና 700፣ ተለይተው ይጫኑ፤ አቢሲኒካ ደማቅ ስለሌለው ለርዕስ ኖቶን ያጣምሩለታል። ብራውዘሩ በራሱ እንዳያወፍርና እንዳያንጋድድ ፎንት ሲንተሲስ የሚባለው ይዘጋ። የመስመር ቁመት ሳይጻፍ ከቀረ እያንዳንዱ ፎንት የራሱን ስለሚያመጣ በቁጥር ይጻፍ፤ ለአማርኛ የአካል ጽሑፍ ከ1.6 እስከ 1.7 ይመቻል። ፎንቱ እስኪወርድ ድረስ ብራውዘሩ ባዶ ቦታ እንዳያሳይ ፎንት ዲስፕሌይ ስዋፕ ይባል፤ ካልተባለ በቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ አንባቢው እስከ 3 ሰከንድ ምንም ጽሑፍ ላያይ ይችላል። የገጹ ቋንቋም አማርኛ መሆኑ ይጻፍ። ቴምፕሌቱ ይዞት የመጣው “እንግሊዝኛ” የሚል ምልክት ሲቀር ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፎንቱ አንዱ ጋ መጥቶ ሌላው ጋ የማይመጣበት ጊዜ አለ። ብራውዘሮች ፎንትን ከሌላ አድራሻ ያለ ፈቃድ አይቀበሉም፤ በዚህ ደንብ ደግሞ ሦስቱ ደብሊው ያለበት አድራሻና የሌለበት ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። አንዱ ሠራተኛ ደብሊውዎቹን ጽፎ ሲገባ ሌላው ሳይጽፍ ይገባል፤ አንዱ ኖቶን ያያል፣ ሌላው ኤብሪማን። “በእሱ ብራውዘር ይሠራል በእኔ አይሠራም” ይባላል። ሰርቨሩ ሁሉንም ወደ አንዱ አድራሻ እንዲመራ ማድረግ በቂ ነው።

ስለ ቁመት አንድ ነገር እንጨምር፣ በተለይ የራሳቸው ፎንት ላሠሩ ድርጅቶች። ፎንት ፋይል ውስጥ የፊደሉን ከፍታና ዝቅታ የሚናገሩ ሦስት ጥንድ ቁጥሮች አሉ። ማክ አንዱን ጥንድ ያነባል፣ ዊንዶውስ ሌላውን። ፎንት ሠሪው ሦስቱን ካላስማማ “አመልክት” የሚለው ጽሑፍ ማክ ላይ በአዝራሩ መካከል ተቀምጦ ዊንዶውስ ላይ ወደ ታች ያጋድላል። በሲኤስኤስ ሁለትና ሦስት ፒክስል እየገፉ ማስተካከል አንዱን ሲያቀና ሌላውን ያጣምማል። ፎንቱ ራሱ ነው መታረም ያለበት።

ፊደሉ ጭራሽ ሳይታይ ሲቀር ደግሞ “ብራውዘሩ አማርኛ አይችልም” ይባላል። የብልሽቱ መልክ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። በፊደል ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጠፋው ፎንት ነው። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከታየ ጉዳቱ ከባድ ነው፦ ዳታቤዙ የላቲን ፊደል ብቻ እንዲቀበል ስለተዘጋጀ አማርኛው ሲገባ ጠፍቷል፤ ማንም ብራውዘር አይመልሰውም፣ እንደ ገና መተየብ ነው። ምልክት የተደረገባቸው የላቲን ፊደላትና ልዩ ምልክቶች ሦስት ሦስት እየሆኑ ከተደረደሩ ገጹ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ ተጽፎ በሌላ ኮድ እየተነበበ ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ነው ሦስት የሚሆነው። የኮዱ ስም በገጹ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ ከተጻፈ፣ ሰርቨሩም ሌላ ስም ካልላከ ይስተካከላል። ተራ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ነጥቦች ትርጉም በሌለው መልክ ተደባልቀው ከታዩ ደግሞ ጽሑፉ ከዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተተየበ ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። ግዕዝ የራሱን ቦታ በዩኒኮድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮው መተየብ ስላልቀረ ብዙ የመሥሪያ ቤት መመሪያዎች ዛሬም በድሮው ናቸው። ወደ ድረ ገጽ ከመግባታቸው በፊት በመቀየሪያ ፕሮግራም አልፈው በሰው ዓይን መታረም አለባቸው። የዚህ ሥራ ዋጋ በጨረታው ውስጥ ለብቻው ቢጠየቅ ጥሩ ነው፤ አሁን ማንም ሳያስበው ርክክብ ላይ የሚፈነዳ ነው።

በጋሞ፣ በጎፋ፣ በዳውሮ፣ በባስኬቶ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ ገጽ የምታሠሩ ቢሮዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባችሁ። የእነዚህ ቋንቋዎች ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ፎንት አያሳያቸውም። ለእናንተ ፎንት መላክ ምርጫ አይደለም።

ይዘት የሚያስገቡት ሠራተኞቻችሁ ስለሆኑ ስለ ሥርዓተ ነጥብም እንናገር። አራት ነጥብ (።) ማለት አንድ ምልክት ነው። ብዙዎች ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፣ ከፊቱም ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ስልክ ላይ መስመሩ ሲያልቅ ቃሉ ላይ ይቀርና ፡፡ ብቻውን ወደ ሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወርዳል። ስፋቱ በሚለያይ ስክሪን ሁሉ በሌላ ቦታ ስለሚከሰት የብራውዘር ችግር ይመስላል። እንደ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ጠ/ሚ ያሉ አጽሕሮቶችም አሉ። በዩኒኮድ የመስመር አሰባበር ደንብ ከእዝባር (/) በኋላ መስመር መስበር የተፈቀደ ስለሆነ “ወ/” አንድ መስመር ላይ፣ “ሮ” ከታች ሊሆን ይችላል። የኃላፊዎች ስም ዝርዝር ባለበት ገጽ ላይ ይህ ያስቀይማል፤ አጽሕሮቱና ስሙ እንዳይለያዩ በሲኤስኤስ ኖውራፕ ተብለው መታሰር ይችላሉ። ከግራም ከቀኝም የተስተካከለ ዓምድ አሠሩልን የምትሉንን በተመለከተ፣ አማርኛ ረጃጅም ቃላት ስላሉት በስልክ ስፋት ላይ በቃላት መካከል ሰፊ ነጭ ገደል ይፈጥራል። በግራ ብቻ የተስተካከለው ይነበባል።

አዋጅና ደንብ የምታወጡ መሥሪያ ቤቶች ተራ ቁጥሩ ፩፣ ፪፣ ፫ እንዲሆን ትጠይቃላችሁ። ሲኤስኤስ ለዚህ የተዘጋጀ ስም አለው፤ ብራውዘሩ ያንን ስም ካላወቀው ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ 1፣ 2፣ 3 ይመለሳል። ካውንተር ስታይል በሚባለው መሣሪያ የራሳችንን ብንሠራ ይሻላል፦ ከ፻ ጀምሮ ፺፣ ፹ እያለ እስከ ፩ ድረስ 19 ምልክት በመደመር ሥርዓት ይዘረዘራል። እስከ 199 በትክክል ይሠራል፣ ፻፺፱። 200 ላይ ፪፻ ማለት ሲገባው ፻፻ ብሎ ይሳሳታልና ክልሉ ከ1 እስከ 199 ተብሎ ይገደብ። ከዚያ በላይ አንቀጽ ያለው ሕግ ከሆነ ቁጥሩ በእጅ ይጻፍ።

ስለ አሮጌ መሣሪያ። ክሮም ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻ ስሪቱ 109 ነው፣ ለአንድሮይድ 7 ደግሞ 119። አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 አያልፍም። ባለጉዳዮቻችሁ እጅ ውስጥ እነዚህ መሣሪያዎች አሉ፤ የዲዛይነሩ ጠረጴዛ ላይ ግን የሉም። በረድፍ የተደረደሩ አዝራሮች መካከል ክፍተት የሚሰጠው ጋፕ የሚባለው ትእዛዝ ፍሌክስቦክስ በሚባለው የመደርደሪያ ዘዴ ውስጥ በሳፋሪ መሥራት የጀመረው በ14.1 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021። አይፎን 6 ላይ “ላክ” እና “ሰርዝ” ተጣብቀው ይታያሉ፤ በጣት አንዱን ሲፈልጉ ሌላው ይነካል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ሲኤስኤስ “ጋፕን ታውቃለህ?” ብሎ ብራውዘሩን የሚጠይቅበት መንገድ አለው፣ ያ አሮጌ ሳፋሪ ግን ግሪድ በሚባለው ሌላ የመደርደሪያ ዘዴ ውስጥ ስለሚያውቀው “አዎ” ይላል። መጠየቁ ስለማያዋጣ ለእነዚህ ስልኮች በማርጂን፣ ማለትም በአዝራሩ የውጭ ክፍተት፣ መሥራት ነው። የስክሪኑን ሙሉ ቁመት ይያዝ ተብሎ በ100 ቪኤች (የስክሪን ቁመት መለኪያ) የተሠራ የመግቢያ ገጽ ደግሞ ስልክ ላይ የአድራሻ አሞሌውን ስለማይቀንስ “ግባ” የሚለው አዝራር ከስክሪኑ በታች ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዲቪኤች የሚባል መለኪያ መጥቷል፤ ለማያውቁት የድሮው ከፊቱ ይጻፍ። መጻፊያ ሳጥን ውስጥ ያለው ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ አይፎን ገጹን በራሱ ያጎላውና ቀኝ ጎኑ ከስክሪን ይወጣል። 16 ማድረግ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹን የሚስለው በኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው። የምንልከውን ፎንት አይወስድም፣ የተጠማዘዘ ጠርዝ አያሳይም፣ በገጹ ውስጥ የሚሠራው የጃቫስክሪፕት ፕሮግራምም እንደ ልቡ አይሮጥም። በዚህ ብራውዘር ላይ መልኩ እንዲመሳሰል መጠየቅ ከንቱ ነው። ቅጹ ያለ ጃቫስክሪፕት እንዲላክ መጠየቅ ግን ይቻላል፤ መብታችሁም ነው። ከቴሌግራምና ከፌስቡክ ውስጥ በሚከፈተው ብራውዘርም ፋይል መጫንና ማውረድ አንዳንዴ ስለማይሠራ መታወቂያ ስካን አድርጎ መላክ የሚጠይቅ አገልግሎት ካላችሁ በዚያ በኩል ተከፍቶ መፈተሽ አለበት። ባለጉዳዩ የሚገባው በቻናላችሁ ባለው ሊንክ ነው።

ቀን የሚጠይቁ ቅጾች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ብራውዘር የሚያመጣው የቀን መምረጫ የፈረንጆች ነው፤ ወርና ቀን የሚቀድምበትም ሁኔታ እንደ መሣሪያው ቋንቋ ይለዋወጣል። የልደት ቀን “05/06” ተብሎ ሲገባ ሜይ 6 ይሁን ጁን 5 ተቀባዩ አያውቅም፣ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓም አይለይም። ሦስት መምረጫ አድርጉት፦ ቀን፣ ወር፣ ዓ.ም.፤ ወሩ 13 ሆኖ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ እንዲቀበል፤ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መቀየሩን ሰርቨሩ ይሥራው። ሰዓትም እንደዚሁ፣ ቀጠሮ ለጠዋቱ 2 ሰዓት የሚፈልግ ሰው ከብራውዘሩ ሳጥን 2ን መርጦ ሌሊት ላይ ይመዘገባል። ውጭ አገር ላሉ ዜጎች አገልግሎት የምትሰጡ ደግሞ ይህን አስቡ፦ 2024-09-11 ተብሎ ያለ ሰዓት የተጻፈ ቀንን ጃቫስክሪፕት በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ይተረጉመዋል። አዲስ አበባ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ያለ ሰው መስከረም 1 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ዋሽንግተን ያለው ግን ጳጉሜን 5 ቀን 2016። ያው ገጽ፣ ያው ብራውዘር። ቀኑ እንደ ጽሑፍ ተቆርጦ እንጂ እንደ ጊዜ ተተርጉሞ መታየት የለበትም።

ታትሞ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ከብራውዘር በቀጥታ እንዲታተም አትጠይቁን። ብራውዘሮች የጀርባ ቀለም ሳይታዘዙ አያትሙም፣ በየጠርዙ የድረ ገጹን አድራሻና ቀን ይጨምራሉ፣ ገጹን የሚቆርጡበት ቦታም ይለያያል፤ ፊርማው ሁለተኛ ወረቀት ላይ ብቻውን ይወጣል። ሰርቨሩ ፒዲኤፍ ያዘጋጅ፣ የግዕዙም ፎንት ፒዲኤፉ ውስጥ ይግባ። ሰርቨሩ ላይ ፎንቱ ከሌለ ሰርተፍኬቱ በሳጥን ተሞልቶ ይመጣል።

እንግዲህ በአሮጌው ዓረፍተ ነገር ቦታ የሚከተለው እንዲጻፍ እንጠይቃለን፦

“ድረ ገጹ በዚህ ውል አባሪ በተዘረዘሩት መሣሪያዎችና ብራውዘሮች ላይ ይዘቱ ሁሉ የሚነበብ፣ ቅጾቹ ሁሉ የሚላኩ፣ ከ360 ፒክስል ስፋት ጀምሮ ወደ ጎን ሳይሸበለል የሚታይ ይሆናል። የግዕዝ ፎንት በመደበኛና በደማቅ ውፍረት ከድረ ገጹ ጋር ይቀርባል። የፊደል አቀላለም፣ የመስመር አሰባበርና የመምረጫ ሳጥኖች መልክ ከመሣሪያ መሣሪያ ቢለያይ ጉድለት አይባልም። ኦፔራ ሚኒ ላይ ቅጾቹ መላካቸው ብቻ ይመዘናል።”

አባሪው ረጅም መሆን የለበትም። ዊንዶውስ 10 ከክሮምና ከፋየርፎክስ ጋር፤ በቢሮአችሁ ካለ ዊንዶውስ 7 ከክሮም 109 ጋር፤ አንድ አንድሮይድ 7 ወይም 8 ስልክ፤ አንድ አዲስ አንድሮይድ፤ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ አይፎን። የትኛው መሣሪያ ባለጉዳዮቻችሁ ዘንድ እንደሚበዛ ያላችሁን ድረ ገጽ የጎብኚ መዝገብ አይቶ መወሰን ይቻላል፤ መዝገቡን ከጨረታው ሰነድ ጋር አያይዙልን። መሣሪያዎቹን በውጭ አገር ከሚያከራዩ ድርጅቶች በኢንተርኔት መከራየት ይቻላል፣ ነገር ግን ክፍያው በዶላር ነው። ያገለገሉ ስልኮች ገዝቶ ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ ይረክሳል። የአይፎንን ሳፋሪ ውስጡን በአፕል በራሱ መመርመሪያ ለማየት ማክ ኮምፒውተር እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ማክ የሌለው ተጫራች “አይፎን ላይ እፈትሻለሁ” ሲል በምን እንደሚፈትሽ ጠይቁት።

የትኛውን የሲኤስኤስ ትእዛዝ መጠቀም እንደሚቻል ከመከራከር ደግሞ ቤዝላይን የሚባለውን መለኪያ ብትጠቅሱ ይጠቅማል። አንድ ነገር በክሮም፣ በኤጅ፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ ሁሉ ከገባ 30 ወር ሲሞላው “በስፋት የሚገኝ” ይባላል። ከዚያ በታች የሆነው በገጹ ላይ ለጌጥ ብቻ ይዋል። በአባሪው ላይ ያሉት አሮጌ መሣሪያዎች ግን ከቤዝላይንም ወደ ኋላ ናቸውና አባሪው ይበልጣል ተብሎ ይጻፍ።

ብራውዘሮች በየጥቂት ሳምንቱ ይታደሳሉ። በርክክብ ቀን የሠራ ገጽ ከዓመት በኋላ ሊጎድል ይችላል፤ ይህን በዋስትና ጊዜ ውስጥ አጣምሮ በነጻ መጠየቅ ሁለታችንንም አይጠቅምም። የዓመት ጥገና በጨረታው ላይ በራሱ መስመር ዋጋ ይሰጥበት፤ በየ6 ወሩ በአባሪው መሣሪያዎች ላይ እንደ ገና መፈተሽን ይጨምር። ርክክቡም ኮሚቴው በየራሱ ስልክ ሳይሆን በእነዚያው መሣሪያዎች፣ ከቢሮው ዋይፋይ ወጥቶ በሞባይል ዳታ፣ እውነተኛ ቅጽ ሞልቶ በመላክ ይደረግ።

ከሰላምታ ጋር፣

በድርጅትም በግልም ድረ ገጽ የምንሠራ ዲዛይነሮችና ፕሮግራመሮች